አሮጌውን ራዲዮ ለቆራሌው አትስጡ



በሰፈራችን በኮልፌ ጧት ጧት «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቆራሌው አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ፣ የዛገ ብረት እየገዛ ኑሮውን ያሸንፋል። አንዱ የጣለውን አንሥቶ ለሌላው እንዲጠቅም ያደርጋልና ሥራው የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ጧት ከቆራሌው ጆንያ አፍ ላይ ያየሁት ዕቃ ይኸን ጽሑፍ እንድጽፍ አስገድዶኛል። ዕቃው የአያቴ ራዲዮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸው ደክሟል። ቴሌቪዥን ማየትም ሆነ በስልክ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ዓለምን የሚያገኟት በጆሯቸው ብቻ ነው። ራዲዮው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከመንሿሿት በቀር ሌላ ነገር አልናገር ብሎ ነበር። አባቴም «በስልክ ሁሉ ነገር አለ፤ ይኸ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል?» ብለው ከአንድ ቀዳዳ ድስት ጋር ሸጡት። አያቴ አልተቃወሙም። «ልክ ነው፤ እሱም እንደኔ አርጅቷል» አሉና ዝም አሉ። ያ ዝምታ አላስቀምጥ አለኝ። ሩጬ ቆራሌውን ደረስሁበትና ለሳምንት የታክሲ ብዬ በያዝሁት ገንዘብ ራዲዮውን መልሼ ገዛሁት፤ ያን ሳምንት ትምህርት ቤት የመጣሁት በእግሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትና የተማርሁት ነገር ብዙ ነው። በበኩሌ የደረስሁበት አሳብ ይኸ ነው፤ ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ የሞተ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጎደለው ደኅና አንቴና ነው፤ አንቴናውንም ማንኛውም ተማሪ በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል። ይኸን ሥራ ትምህርት ቤታችን ቢይዘው ለትምህርታችንም ለቤተ ሰባችንም ታላቅ ጥቅም እንደሚሰጥ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ራዲዮ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። «ስማ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እየተባለ በነጋሪት ዐዋጅ ይነገርለት ለነበረው ሕዝብ፣ በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሲመረቅ አዲስ ነጋሪት ተሰጠው ማለት ይቻላል። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ደግሞ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ማሰራጨት ጀመረ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስም ሠራ። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ በአማርኛ መናገር ጀመረ። አያቴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸውን የሰሙት በራዲዮ ነው። በደርግ ዘመንም የውጭ ጣቢያ የሚሰሙት መስኮት ዘግተው፣ ራዲዮውን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደ ነበር ያወሩናል። እንግዲህ ቆራሌው ለፕላስቲኩ ብቻ የገዛው ዕቃ ይኸን ሁሉ ታሪክ የሰማ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ኤ.ኤም. የምንለው በተለይ የመካከለኛው ሞገድ ስርጭት በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ይዘረጋል። ጣቢያዎቹም በየ9 ኪሎ ኸርዙ ይቀመጣሉ፤ በአሜሪካ ግን በየ10 ነው። ይኸን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ራዲዮ ሲያሰራጭበት የኖረውን 873 ለ9 ያካፍል፤ ያለ ትርፍ 97 ይሆንለታል። ፋና ሲያሰራጭበት የኖረውን 1080ም ቢያካፍል 120 ያገኛል።

እነዚህ ሞገዶች ቀንና ሌሊት ጠባያቸው ይለያያል። ቀን ቀን ፀሐይ ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብብር ትፈጥራለች። ይኸ ንብብር ወደ ላይ የሚወጣውን የመካከለኛ ሞገድ ስለሚውጠው የምንሰማው በምድር ላይ ተጉዞ የሚደርሰንን የቅርቡን ጣቢያ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ንብብሩ ይሳሳል፤ ሞገዱም ከእሱ በላይ ካለው ሌላ ንብብር ላይ ተመልሶ መቶዎችና ሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። እኛ በዚህ ነገር ዕድለኞች ነን። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአዲስ አበባ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ይኸውም በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ይኸን ማግኔትና የላይኛውን አየር የሚመረምር ኦብዘርቫቶሪ በ4 ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ተቋቁሟል። የፊዚክስ መምህራችን ይኸን ሲነግሩን በጣም ተደነቅሁ። እኔ ሳይንስ ሁልጊዜ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የሚጠናው ነገር ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ ኖሯል።

ታዲያ የአያቴ ራዲዮ ማታ ማታ እንኳ ለምን ያንሿሿ ነበር? መምህራችንን ብጠይቃቸው ሦስት ምክንያት ነገሩኝ። አንደኛ፣ በራዲዮው ውስጥ ያለው አንቴና ሽቦ የተጠመጠመበት የጣት ርዝመት ያለው የፌራይት ዘንግ ነው፤ ለቅርብ ጣቢያ ይበቃል፤ ለሩቁ ግን ያንሳል። ሁለተኛ፣ ቤታችን ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ሞገዱን ይከለክላል። ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ በየቤቱ የተሰኩት ቻርጀሮችና ርካሽ አምፖሎች ራዲዮ የሚያውክ ጫጫታ ይረጫሉ። የጥንቱ ሰው ጣቢያ ፍለጋ ብቻ ነበር የሚደክመው፤ እኛ ደግሞ ከገዛ ቤታችን ጫጫታ ጋር እንታገላለን።

እኔ በመጀመሪያ ያሰብሁት ረጅም ሽቦ ከቤታችን ጣሪያ እስከ ጎረቤት ባሕር ዛፍ ድረስ መዘርጋት ነበር። እናቴ ግን «ክረምት መጣ፤ መብረቅ ልትጠራብን ነው?» ብላ ከለከለችኝ። ልክም ነበረች። ደግሞስ የ873 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 344 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሩቡ እንኳ 86 ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሽቦ የሚዘረጋበት ግቢ በኮልፌ ማን አለው? ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መጠምጠሚያ አንቴና ለመሥራት ቈረጥሁ።

አሠራሩ ይኸ ነው። ከአጠና ተራ የተረፈ እንጨት ለምኜ 64 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ዱላዎች አዘጋጀሁና በመስቀለኛ አያያዝኋቸው። በአራቱ ጫፍ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቁራጮች መታሁና በየ4 ሚሊ ሜትሩ ጭረት አወጣሁባቸው። በእነዚህ ጭረቶች ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 16 ጊዜ ሲጠመጠም እያንዳንዱ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ጠቅላላው ሽቦ 29 ሜትር ያህል ነው። ሽቦውን ሞተር ከሚጠቀልል ጎረቤታችን አገኘሁ። የሽቦው ሁለት ጫፎች የሚታሰሩት በአንድ ተለዋዋጭ ኮንደንሰር ላይ ነው። ይኸ ዕቃ ቁልፉ ሲዞር ስስ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው የሚገቡና የሚወጡ ሲሆን፣ በድሮ ራዲዮ ውስጥ ይገኛል። እኔ የገዛሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው፤ ትልቁ መጠኑ 365 ፒኮፋራድ ነው። መጠምጠሚያውና ኮንደንሰሩ አንድ ላይ ሲሆኑ እንደ ክራር ጅማት ይቃኛሉ፤ ቁልፉን ባዞርን ቁጥር ቅኝቱ ከ530 ኪሎ ኸርዝ ግድም ጀምሮ እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ቅኝቱ ከጣቢያው ሞገድ ጋር ሲገጥም ትንሹ መጠምጠሚያ የብዙ ሜትር ሽቦን ያህል ይሠራል። ከራዲዮው ጋር በሽቦ መገናኘትም አያስፈልገውም፤ አጠገቡ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ሥራዬን በጨረስሁ ቀን ግን አፈርሁ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠብቅ አንቴናው ምንም አልሠራም። አባቴ ሳቁ፤ ታናሽ እኅቴም «ልብስ ማስጫ ሠራ» ብላ ስም አወጣችልኝ። ሁለት ቀን ከደከምሁ በኋላ ጥፋቴን ያገኙት መምህራችን ናቸው። የሞተር ሽቦ በቀለም የተሸፈነ ስለሆነ ጫፎቹን መፋቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ከነቀለሙ አስሬዋለሁ። በምላጭ ፍቄ እንደ ገና አሰርሁት።

በዚያው ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የአንቴናውን ቁልፍ ቀስ ብዬ ሳዞር ከመንሿሿቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ብቅ አለ። በመጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥሎ በዐረብኛ፣ ከዚያም ቁርኣን ሲቀራ ሰማን። አንቴናውን ማዞር ሌላ ድንቅ ነገር አሳየን። ጠርዙ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ድምፁ ይጎላል፤ ፊቱ ወደ ጣቢያው ሲዞር ግን ይጠፋል። ጠርዙን ወደ እንጦጦ ባቀናሁ ጊዜ የሰሜኑ ጣቢያ ጐላ፤ ሆኖም አንቴናው ፊትና ኋላ ስለማይለይ በዚያው መሥመር ላይ ያለ የደቡብ ጣቢያም አብሮ ይመጣል። ይኸው ጠባይ ጫጫታ ለማጥፋትም ይረዳል። እኔም የቤታችን ጫጫታ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ አንቴናውን እያዞርሁ ስፈልግ፣ በመጨረሻ ወደ አባቴ አልጋ ራስጌ መራኝ። ራዲዮውን ያሳመመው የስልካቸው ቻርጀር ኖሯል! አባቴ ቻርጀሩን ሲነቅሉ ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ በቤታችን ማንም ስልክ አይሞላም፤ ሕጉን ያወጡትም አባቴ ራሳቸው ናቸው። አያቴም «እኔ ያረጀ መስሎኝ ነበር፤ የሚያዳምጠው አጥቶ ኖሯል» አሉ።

እንግዲህ ይኸ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የኔ መልስ አራት ነው።

አንደኛ፣ ለትምህርት ይጠቅማል። ስለ ሞገድ ርዝመትና ስለ ቅኝት በመጽሐፍ ያነበብሁትን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ በእጄ ከሠራሁት በኋላ ግን መሸምደድ አላስፈለገኝም። የመጠምጠሚያውን ዙር አንድ ብጨምር ቅኝቱ ወደ ታች እንደሚወርድ አሁን ጆሮዬ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥትን ያስተምራል። በስልክ የፈለግነው ነገር በአንድ ንክኪ ይመጣል፤ ካልመጣም እንናደዳለን። የሩቅ ጣቢያ ግን ይመጣል፣ ይርቃል፣ እንደ ገና ይመለሳል። ስሙን እስኪናገር ድረስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኪሎ ኸርዙንና ቋንቋውን የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ጣቢያ ስም አልጽፍም። ያልሰሙትን ሰማሁ አለማለት ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤትን ያሳውቃል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ካርቱም ከኛ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አስመራ 700፣ ጂቡቲ 560 ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሩቅ አገር ኳስ ተጫዋቾች የምናውቀውን ያህል ስለ እነዚህ አገሮች አናውቅም። ደግሞም ደብተሬን ብቻዬን አልሞላሁትም። ዐረብኛውን የተረጐመልኝ በመስጊድ የተማረ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ሱማልኛውን የነገረችኝ ከጅጅጋ የመጣች ልጅ ናት፤ ትግርኛውን ያስረዱኝ የሱቃችን ባለቤት ናቸው። ከዚህ በፊት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርቼ አላውቅም ነበር። ድምፁን አንቴናው ቢያመጣውም ትርጕሙ የመጣው ከሰፈሬ ሰዎች ነው።

አራተኛ፣ በክፉ ቀን ይደርሳል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት በራዲዮ ይተላለፍ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ አስታውሳለሁ። ሁለት ባትሪ የሚጎርስ ራዲዮ ግን ከሰማይ የሚመጣውን ድምፅ ለመቀበል የማንንም መሥመር አይጠይቅም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎችም አውቃለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ኤ.ኤም. ዘመኑ አልፎበታል፤ አውሮፓውያን እንኳ እየዘጉት ነው» ይላሉ። እውነት አለው። ለምሳሌ የጀርመኑ ዶይችላንድፉንክ የመካከለኛ ሞገድ ስርጭቱን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ዘግቷል። ኤፍ.ኤም. የጠራ ድምፅ እንዳለውም አልክድም። ነገር ግን የኤፍ.ኤም. ሞገድ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከከተማ ርቆ ላለ ገበሬ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ደግሞም ጣቢያዎች ሲቀነሱ ሰማዩ ጸጥ ስለሚል፣ የቀሩት ሩቆቹ ይበልጥ ይሰማሉ። ይኸ ነገር አንድ ቀን የሚያልፍ ከሆነም፣ ሳያልፍ መስማት ይገባናል እንጂ ቀድመን መጣል አይገባንም።

ሌሎች ደግሞ «የሩቅ ጣቢያ ሁሉ እውነት ይናገራል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይናገርም። የቅርቡም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ስለዚህ አንዱን ብቻ ከመስማት ሦስቱን ሰምቶ ማመዛዘን ይሻላል። አያቴ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ያደርጉት የነበረውን እኛ በግልጽ ማድረግ ስንችል ብንተወው የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር፣ በፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ለራዲዮ ክበብ ይፈቀድልን፤ በወር አንድ ቀንም ወላጆች በተገኙበት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ እንድናዳምጥ ይደረግ። የምንጠይቀው ገንዘብ የለም፤ እንጨቱንም ሽቦውንም እኛ እንፈልጋለን። ለወላጆች፣ በቤታችሁ የተቀመጠ ዝም ያለ ራዲዮ ካለ ወደ ትምህርት ቤት ላኩት፤ የሚድነውን እናድነዋለን፤ የማይድነውንም ኮንደንሰሩን አውጥተን ለአንቴና እናደርገዋለን፤ የተረፈው ፕላስቲክ ያን ጊዜ ለቆራሌው ይድረሰው። ለጓደኞቼ ደግሞ፣ «አልችልም» አትበሉ። የኔ የመጀመሪያ አንቴና ልብስ ማስጫ ተብሎ ነበር። የሽቦውን ጫፍ መፋቅ አትርሱ እንጂ ሌላው ቀላል ነው። በጣሪያ ላይም ሽቦ አትዘርጉ፤ ነጐድጓድ ባለበት ምሽት ራዲዮውን አጥፍታችሁ ተኙ።

የአያቴ ራዲዮ አሁን ከራስጌያቸው ተቀምጧል። አያቴ ቁልፉን ማዞር ስለሚያቅታቸው ማታ ማታ ጣቢያ የምፈልግላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ግን ትምህርት ሲበዛብኝ ሦስት ምሽት ዘለልሁ፤ በአራተኛው ምሽት ወደ ክፍላቸው ስገባ አባቴ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው፣ አንቴናውን በእጃቸው ይዘው፣ ወደ እንጦጦና ወደ ወጨጫ እያዞሩ ሲፈልጉላቸው አገኘኋቸው። እንግዲህ ነገ ጧት ቆራሌው በበራችሁ ሲጣራ፣ ድስቱን ስጡት፤ ራዲዮውን ግን አንድ ምሽት ሳትሞክሩት አትስጡት።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፤ ኮልፌ ቀራንዮ